የመቅደስ ወይንና የአዳራሽ ጠጅ

ከደብረ ማርቆስ ተነሥቶ የባሕር ዳርን መንገድ ለያዘ መንገደኛ 30 ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ተጓዘ የሚያገኛት አማኑኤል፣ የማቻከል ወረዳ ርእሰ ከተማ፣ በሰሜን ምሥራቅ የጮቄ ተራራ ከሩቅ የሚመለከታት፣ ጤፍና ስንዴ፣ ገብስና ድንች በየወቅቱ የሚፈራረቁባት የደጋ ከተማ ስትሆን፣ አገሬው ምድሩ የሚሰጠውን በረከት ሁሉ አንድ በአንድ ቢቆጥር የወይንን ፍሬ ከቁጥሩ አያገባውም። ይሁን እንጂ ቅዳሴ በተቀደሰበት ዕለት ሁሉ ወይን ከዚህ አገር ጠፍቶ አያውቅም፤ ምክንያቱም ያለ ኅብስትና ያለ ወይን መሥዋዕት የለምና። ሐረጉን ዐይቶ የማያውቅ ገበሬ የፍሬውን ስም ከሕፃንነቱ ጀምሮ በቅዳሴ ሲሰማ ያድጋል፤ በልደት ዋዜማ፣ ታኅሣሥ 28 ቀን በሚከበረው በአማኑኤል ዓመታዊ በዓልም ለደጀ ሰላሙ ከጧፍና ከዕጣን ጋራ ዘቢብ በወረቀት ጠቅልሎ ያገባል። ወደ ቤቱ ተመልሶ ከዘመዶቹ ጋራ ሲቀመጥ ግን በፊቱ የሚቀርበው ጠላ ነው፤ ቢያልፍለት ጠጅ ነው። ወይን ለመቅደሱ፣ ማር ለአዳራሹ ተለይቶ የቆየበት ታሪክ ረዥም ነው፤ በጎጃም ደግሞ ከሌላው አገር ይልቅ ገዝፎ ይታያል።

ነገሩ ይበልጥ የሚደንቀው በሌላው ዓለም የሆነውን ለሚያውቅ ሰው ነው። በፈረንሳይ አገር፣ ቡርጎኝ በሚባለው ግዛት፣ እ.ኤ.አ. በ1098 የተመሠረተው የሲቶ ገዳም መነኰሳት በመሥዋዕት ምክንያት የተከሉትን ወይን ቀስ በቀስ እስከ ገበታ አደረሱት፤ ከገበታም አልፈው ለነገሥታትና ለጳጳሳት እጅ መንሻ አደረጉት። ክሎ ደ ቩዦ የተባለውና በድንጋይ ቅጥር የታጠረው የእነርሱ የወይን ቦታ ስፋቱ 50 ሄክታር፣ በእኛ ልክ አንድ ጋሻ ከሩብ ያህል ሲሆን፣ ከ12ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ እስከ ፈረንሳይ አብዮት ድረስ በገዳሙ እጅ ቆይቶ፣ አብዮቱ የቤተ ክርስቲያንን ርስት ሁሉ ሲወርስ ለዓለማውያን ተሸጠ፤ ዛሬ በብዙ ባለቤቶች ተከፋፍሎ ይገኛል። በሻምፓኝ ግዛት ኦቪለር በሚባለው ገዳም እ.ኤ.አ. ከ1668 እስከ 1715 መጋቢ የነበረው ዶም ፔሪኞን ስሙ እስከ ዛሬ በጠርሙስ ላይ የቀረው እንዲሁ የገዳሙን ጓዳ ሲጠብቅ ባገኘው ጥበብ ነው። የሚፈላውን ወይን እርሱ ፈለሰፈው የሚለው ወሬ ግን የነጋዴ ወሬ ነው፤ ሰውየው በዘመኑ የደከመው ወይኑ እንዳይፈላበት ነበር።

ስለዚህ አንድ እንግዳ ወደ ጥንታዊ የፈረንሳይ የወይን ቦታ ሄዶ ቅምሻ ሲቀርብለት፣ ዐወቀውም አላወቀውም፣ የገዳም ሥርዓት ነው የሚፈጸምለት። ባለቤቱ ወደ ምድር ቤቱ ያወርደዋል፤ በዚያም በርሜሎቹ በጨለማና በቅዝቃዜ ተደርድረዋል፤ ድሮ ከበርሜሉ የሚቀዳው በታስትቨን፣ ማለትም የወይኑ መልክ በሻማ ብርሃን ይታይ ዘንድ ሆዱ ጎርበጥባጣ ሆኖ በተሠራ ጠፍጣፋ የብር ጽዋ ነበር፤ ዛሬ በብርጭቆ ነው። እንግዳው በመጀመሪያ መልኩን ይመለከታል፣ ቀጥሎ መዓዛውን ያሸታል፣ ከዚያ ጥቂት ጎንጭቶ በአፉ ውስጥ ካንሸራሸረ በኋላ ለዚሁ በተዘጋጀው ዕቃ ይተፋዋል። የጎጃም ሰው ይህን ሲሰማ የሚያስቀው መትፋቱ ነው፤ የቀረበለትን መጠጥ በባለቤቱ ፊት የሚተፋ እንግዳ በእኛ አገር ስድብ የሰነዘረ ያህል ነውና። ነገር ግን በእኛም አዳራሽ ቅምሻ ነበር፤ የሚጠየቀው ጥያቄ ብቻ ሌላ ነበር፤ ወደዚያ ከመድረሳችን በፊት ወይኑ ራሱ በኢትዮጵያ ምን እንደ ደረሰበት ማየት ይገባል።

በአክሱም መንግሥት ዘመን ወይን እንግዳ አልነበረም። በመጀመሪያው መቶ ዓመት ስለ ቀይ ባሕር ንግድ የጻፈው ስሙ ያልታወቀ የግሪክ መርከበኛ ወደ አዱሊስ ወደብ ከሚገቡት ሸቀጦች መካከል የሎዶቅያንና የኢጣልያን ወይን ጥቂት ጥቂት እየሆነ እንደሚመጣ ያመለክታል፤ በአክሱም አቅራቢያ ዓዲ ጸሓፊ በሚባለው ቦታ ከዐለት ተፈልፍለው የተገኙትን ገንዳዎችም ሊቃውንት የወይን መጭመቂያ ናቸው ብለው ገምተዋቸዋል። ክርስትና በዒዛና ዘመን ከገባ በኋላ የወይን አስፈላጊነት ከመሥዋዕቱ ጋራ ጸና፤ የወይን ሐረግም በየብራናውና በየመስቀሉ የሚሣል ጌጥ ሆነ። ግን የነገሥታቱ ከተማ ወደ ደቡብ እየራቀ፣ ወደቡም ከእጅ እየወጣ ሲሄድ፣ ከባሕር ማዶ የሚመጣው ወይን ብርቅ መሆኑ አልቀረም።

በ1512 ዓ.ም. ወደ ዐፄ ልብነ ድንግል አገር ከገባው የፖርቱጋል መልእክት ጋራ የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ስድስት ዓመት ተቀምጦ ስላየው ነገር ሲጽፍ፣ የወይን ጠጅ በግልጽ የሚጠመቀው በሁለት ቤት ብቻ፣ በንጉሡና በጳጳሱ በአቡነ ማርቆስ ቤት እንደ ነበረ፣ ለቅዳሴ የሚሆነው ግን ከዘቢብ እንደሚዘጋጅ ይተርካል። እኔ ይህን ቃል ሳነብ የሚታየኝ ድህነት አይደለም፤ ሥርዓት ነው። ሁለቱ ቤቶች አንዱ የመንግሥት፣ አንዱ የክህነት ራስ ናቸው፤ ከሁለቱ በታች ያለው ሕዝብ ወይንን የሚያገኘው በጽዋ፣ ያውም ተዘጋጅቶ ጾሞ፣ ከካህን እጅ ነው። አንድ ነገር ይህን ያህል ከፍ ብሎ ከተቀመጠ በኋላ ወደ ገበታ ማውረድ ቀላል አይሆንም።

የዘቢቡ ነገር በቅርብ ሊታይ የሚገባው ነው። ብዙ ጊዜ ከቤተ መቅደሱ በስተ ምሥራቅ የምትሠራው ቤተ ልሔም ትንሽ ቤት ናት፤ የስንዴው ኅብስት የሚጋገረውና ወይኑ የሚሰናዳው በእርሷ ነው። ዲያቆኑ ዘቢቡን ይለቅማል፤ ከጠጠርና ከእንጨት ያጠራል፤ ያጥባል፤ በንጹሕ ውኃ ይዘፈዝፋል። የደረቀው ፍሬ ውኃውን ጠጥቶ በተነፋ ጊዜ በእጁ ያሸዋል፣ ይጨምቀዋል፣ አጥልሎም በዕቃው ይጨምረዋል። ይህ መጠጥ እንደ ጠጅ ሰንብቶ የሚፈላ፣ የሚያሰክርም አይደለም፤ ቡናማ ቀይ የሆነ፣ ጣፋጭነቱ ደብዘዝ ያለ ጭማቂ ነው። ሰዓቱ ሲደርስ ኅብስቱ በመሶበ ወርቅ ሆኖ ከወይኑ ጋራ በድባብ ተጋርዶ፣ ቃጭል እየተመታ ወደ መቅደስ ሲገባ በቅጽሩ ያለ ሰው ሁሉ ይሰግዳል። ቆራቢው ደሙን በዕርፈ መስቀል ከተቀበለ በኋላ ማየ መቍረር ይጠጣል፤ አፉንም በነጠላው ሸፍኖ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ዛሬ ከንፈሩን የነካው ነገር ጣዕሙ እንዴት ነበር ብሎ የሚጠይቀው አይገኝም፤ ቢጠይቁትም ጥያቄው አይገባውም።

በ17ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ወደ ጎጃምና ወደ ጣና ዙሪያ የመጡት የካቶሊክ ካህናት፣ ኢየሱሳውያን፣ ግን ይህንኑ ጥያቄ ከነገረ መለኮት ጋራ አያይዘው አነሡት። በሚያዝያ 1610 ዓ.ም. ከዐፄ ሱስንዮስ ጋራ ግሽ ዐባይ ደርሶ የዐባይን ምንጭ ያየው ጴጥሮስ ፓኤዝና ባልንጀሮቹ፣ ደረቅ ዘቢብ በብዙ ውኃ ተዘፍዝፎ የተገኘ ጭማቂ እውነተኛ ወይን ሊባል አይገባም፣ ስለዚህም በእርሱ የሚደረገው መሥዋዕት ያጠራጥራል እያሉ ይከራከሩ ነበር። በእኔ አስተያየት ከሃይማኖቱ ክርክር ሁሉ የገበሬውን ልብ አጥብቆ የነካው ስለ ሁለት ባሕርይና ስለ አንድ ባሕርይ የተነገረው ሳይሆን እንዲህ ያለው ነገር ይመስለኛል፤ አባቶቹ እስከ ዕለተ ሞታቸው የተቀበሉት ጽዋ ባዶ ነበር እንደ ማለት ነውና። የኢየሱሳውያኑን ሃይማኖት ተቀብሎ የነበረው ሱስንዮስ ብዙ ደም ከፈሰሰ በኋላ በ1624 ዓ.ም. የቀድሞውን ሃይማኖት መልሶ ዙፋኑን ለልጁ ለፋሲለደስ ለቀቀ፤ ኢየሱሳውያኑም ብዙም ሳይቆዩ ከአገር ወጡ፤ ዘቢቡ በቤተ ልሔም ቀረ።

ይህ ሲባል ግን የወይን ሐረግ በዚያ ዙሪያ ከቶ አልበቀለም ማለት አይደለም። ከጣና በስተ ምሥራቅ፣ በእንፍራዝና በይፋግ በኩል፣ ለጎንደር ከተማ የሚሆን ወይን ይለማ እንደ ነበር ተጓዦች ጽፈዋል፤ በ1760ዎቹ መጀመሪያ በጎንደር የተቀመጠው የስኮትላንድ ሰው ጀምስ ብሩስም ከመስካሪዎቹ አንዱ ነው። ወደ ጮቄ ግርጌ ሲመጡ ግን ነገሩ ይለወጣል። ወይን በሚበስልበት ጊዜ ፀሐይና ደረቅ አየር ይሻል፤ ዝናብ ካገኘው ፍሬው ይሰነጠቃል፣ ይሻግታል። የማቻከልና የደብረ ማርቆስ ደጋ ክረምቱ የሚረዝም፣ ጭጋጉ የሚከብድ፣ ሌሊቱ የሚቀዘቅዝ አገር ነው። የፈረንሳይ መነኵሴ በኮረብታ ጥግ የፀሐይን መውጫ እየመረጠ ሐረጉን ሲተክል፣ የጎጃም ደብተራ የወይን ቦታን ምሳሌ በትርጓሜ ወንጌል ያውቃታል፤ በእጁ የሚተክለው ግን ጌሾ ነበር።

ክረምቱ ለወይን ጠላት ቢሆንም ለንብ ወዳጅ ነው። መስከረም ጠብቶ አደይ አበባና መጭ ሜዳውን ቢጫ ካለበሱት በኋላ በጥቅምትና በኅዳር የሚቆረጠው የጎጃም ማር ከጥንት ጀምሮ ስሙ የተጠራ ነው፤ ገበሬው ቀፎውን ከቀርቀሃ ወይም ከሐረግ አብጅቶ፣ በእበት ለቅልቆ በጣሪያ ሥር ወይም በዛፍ ላይ ያኖረዋል። ከማሩ ከፊሉ በግብር መልክ ወደ ባላባቱና ወደ ገዥው ጓዳ ይገባ ነበር፤ ምክንያቱም ጠጅ መጣል የመኳንንት መብት እንጂ ለተርታው ሰው በየቀኑ የተፈቀደ አልነበረም። ገበሬው ማሩን ያመርታል፣ ጠላውን ይጠጣል፤ ጠጁን የሚቀምሰው በሠርግ ወይም ጌታው ግብር ባበላ ቀን ነው።

የጠጅ አጣጣል ተቸኩሎ የሚሠራ ነገር አይደለም። ጋኑ በግራዋ ቅጠል ታጥቦ በወይራ ጭስ ይታጠናል። አንድ እጅ ማር በሦስት ወይም በአራት እጅ ውኃ ይበረዛል፤ ሰፈፉ ሲንሳፈፍ ይገፈፋል። ብርዙ ጥቂት ቀን ከሰነበተ በኋላ የጌሾው እንጨት ተቀቅሎ ይጨመርበታል፤ ቅጠሉ ለጠላ ነው፣ እንጨቱ ለጠጅ። ከዚያ ጋኑ ይከደናል፤ መፍላት ሲጀምር ጆሮውን ወደ ጋኑ ያስጠጋ ሰው ድምፁን ይሰማዋል። ጠጅ ጣይዋ ጌሾው ከመውጣቱ በፊት በየጊዜው በጭልፋ እየቀዳች ትቀምሳለች፤ ያልጠራው ጉሽ ነው፣ ጣፋጩ ለስላሳ ይባላል፣ ማሩ ተበልቶ ያለቀው ደግሞ ደረቅ ነው። የቡርጎኝ ባለ ወይን ስለ መሬቱና ስለ ዘመኑ እንደሚናገር ሁሉ ዐዋቂ ጠጅ ጣይም ማሩ የየትኛው አበባ እንደ ሆነ በምላሷ ትለያለች። ይህ ዕውቀት በእኛ ዘንድ የሴት ዕውቀት በመሆኑ መጽሐፍ አልተጻፈለትም፤ የጸሐፍት ወንድነት በታሪካችን ያስቀረብን ነገር ብዙ ነው፤ አንዱ ይህ ይመስለኛል።

በአዳራሹ ውስጥ ያለው ቅምሻ ግን የአሳላፊው ነበር። በጥር 1873 ዓ.ም. ራስ አዳል ተክለ ሃይማኖት ተብለው የጎጃም ንጉሥ ሆነው ከነገሡ በኋላ ቀድሞ መንቆረር ትባል የነበረችው ከተማቸው ደብረ ማርቆስ ተባለች፤ ግብሩም ለንጉሥ እንደሚገባ ሆነ። በዚያ ዘመን በነበረው የኢትዮጵያ ቤተ መንግሥት ልማድ አሳላፊው ብርሌውን ለጌታው ከማቅረቡ በፊት ጥቂት በግራ መዳፉ ያፈስና ራሱ ይጠጣዋል፤ ጌታው ሲጠጣም አሽከሮች ዐይን እንዳይወድቅበት ኩታ ይጋርዱለታል። የመዳፉ ቅምሻ ስለ ጠጁ ጥራት የሚመሰክረው የለም፤ ስለ አሳላፊው ታማኝነት ነው። መርዝ የተፈራበት ዘመን ነበርና፣ መጠጡን ያቀረበ ሰው ሞትም ቢኖርበት ከጌታው ቀድሞ ሊቀበለው ይገባ ነበር። እንግዲህ ፈረንሳዊው ቀማሽ ስለ ፍሬው ይፈርዳል፣ የእኛ ቀማሽ በራሱ ላይ ያስፈርዳል። ሠርግ ላይ ዛሬም ጠጅ ቀጂው መጀመሪያ ለራሱ ቀምሶ የሚያቀብልበት ቦታ አለ፤ ከልማድ በቀር ምክንያቱን የሚያስታውስ ግን ጥቂት ነው።

የጎጃም መኳንንት የፈረንሳይን ወይን በአገሩ ያዩበት ጊዜ በንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ልጅ በራስ ኃይሉ ዘመን መጣ። በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን ኢየሩሳሌምን፣ ግብፅንና የአውሮፓን አገሮች ሲጎበኙ ከተከተሏቸው መሳፍንት አንዱ ራስ ኃይሉ ነበሩ፤ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴም ጉዞውን ደስታና ክብር በተባለው መጽሐፋቸው አቆዩልን። ራስ ኃይሉ ገንዘብና አዲስ ነገር ወዳድ እንደ ነበሩ የታወቀ ነው፤ ከጉዞው በኋላም በጎጃም ስለ አውቶሞቢልና ስለ ግብር ብዙ ነገር ተባለ፤ የወይን ተክል ቢያመጡ ኖሮ ግን የደብረ ማርቆስ ክረምት አይቀበለውም ነበር። የባቡር ሐዲዱ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከደረሰ ወዲህ የፈረንሳይ ጠርሙስ በጅቡቲ በኩል መምጣቱ ቀለለ፤ ይህም የመሳፍንትና የአውሮፓውያን መጠጥ ሆኖ ቀረ እንጂ ዐባይን ተሻግሮ የገበያ ዕቃ አልሆነም።

ለሕዝቡ ወይንን በብርጭቆ ያለማመደው የአገር ውስጡ ፋብሪካ ነው። የጉደር፣ የዱከምና የአክሱማይት ጠርሙሶች ከአዋሽ ወይን ጠጅ ፋብሪካ ወጥተው በየከተማው ግሮሰሪ ተደረደሩ፤ ጠጪውም እንደ ጠጅ ጣፋጭ የሆነውን መረጠ፣ ጣፋጭ ያልሆነውን በኮካ ኮላ አጣፈጠው። ፈረንሳዊ ይህን ቢያይ ልቡ ይወድቃል፤ ለእኔ ግን በማር ላደገ ምላስ የሚጠበቅ ነው። በኋላም የቅዱስ ጊዮርጊስን ቢራ በ1991 ዓ.ም. የገዛው የፈረንሳዩ ካስቴል ኩባንያ በዝዋይ ሐይቅ አጠገብ፣ በ1,600 ሜትር ከፍታ ገደማ፣ ከአገሩ ያመጣቸውን መርሎ፣ ሲራ፣ ካበርኔ ሶቪኞንና ሻርዶኔ የሚባሉ ሐረጎች ተክሎ በ2006 ዓ.ም. የመጀመሪያውን ጠርሙስ ለገበያ አወጣ። እንግዲህ ለኢትዮጵያዊ የፈረንሳይን የወይን ቦታ ለማየት ባሕር ማዶ መጓዝ አያስፈልገውም ማለት ነው፤ በሐይቁ ዳር ተሰልፈው የተተከሉት ሐረጎች፣ ከማይዝግ ብረት የተሠሩት ጋኖች፣ ለእንግዳ የሚቀርበው ብርጭቆ ሁሉ የዚያው አገር ሥርዓት ነው። የዝዋይ ሰዎች ያሰናዱት ግን ሁለት ዐይነት መጠጥ ነው፤ ሪፍት ቫሊ የተባለው ደረቅ ሲሆን የአውሮፓን ምላስ ይከተላል፣ አካሽያ የተባለው ጣፈጥ ያለ ነው፤ ይህንንም ያደረጉት የኢትዮጵያን ጠጪ ዐውቀው ነው። የቡርጎኝ መነኰሳት ሥራ ወራሾች ከጠጅ ጣይዋ ጋራ መታረቅ ግድ ሆነባቸው።

በአማኑኤል ካሉት ሆቴሎች ወደ አንዱ የገባ ሰው አካሽያ ቢያዝ ዛሬ አስተናጋጁ ከጠርሙሱ ጥቂት ብቻ ይቀዳለትና ቆሞ ይጠብቀዋል፤ ይህን ልማድ ያመጣው ከአዲስ አበባ ነው። ብዙው ደንበኛ ምን እንደሚጠበቅበት ስለማያውቅ፣ ወይኑ ያለቀበት መስሎት፣ «ሙላው እንጂ!» ይለዋል።